የናሲሞ ውሃ

ሦስተኛው ቁራ የወደቀው ሱሀይራ ጥርሷን ስትቦርሽ ነበር። ከዛፉ ላይ እንደ ጨርቅ ተንሸራቶ ግቢው መሃል አረፈ። አንገቱን ወደ ጀርባው ጠመዘዘ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ዝም አለ። የከዚራ ሰፈር ቁራ ከሰው እጅ ሳምቡሳ ይቀማል እንጂ ዝም አይልም።

ከዛፉ ስር የተቆረጠ በርሜል አለ። እናቷ ናሲሞ ለወፎች ሰደቃ ብላ ያስቀመጠችው ነው። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ «ባዶ እንዳይሆን» ትል ነበር። ከሞተች ወዲህ፣ ቧንቧ ውሃ በመጣ ቁጥር ሱሀይራ ከማድቤቱ ጀሪካን በፊት በርሜሉን ትሞላለች። ደፍታው ግን አታውቅም፤ ከላይ ትጨምርበታለች እንጂ። ከስር ያለው እናቷ በእጇ የቀዳችው ነው።

ረፋዱ ላይ የእንስሳት ሐኪሟ ማህደር መጥታ ቁራውን በጓንት አንስታ ፌስታል ውስጥ ከተተችው።

«የፊተኞቹ ሁለቱ ውጤት መጥቷል» አለች። «ቢንቢ የሚያስተላልፈው ቫይረስ ነው።»

«ቢንቢ አምናም ነበር። ቁራዎቹ ምንም አልሆኑም።»

«ቫይረሱም አምና ነበር። ግን የአምናው ዝርያ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ሳይጎዳቸው ይወጣል። የዘንድሮው የሱ ወንድም ነው፤ ቁራን ይጨርሳል።»

«አቦ፣ ታዲያ የአምናውን አታቆዩልንም ነበር?»

ማህደር ልትስቅ ብላ ተወችው። ዓይኗ በርሜሉ ላይ ነበር። ጎንበስ ብላ ውሃውን በጣቷ ስትነካው ቀጫጭን እጮች እየተጣጠፉ ወደ ታች ሸሹ።

«እህቴ፣ ይሄ ተደፍቶ የታጠበው መቼ ነው?»

አስተማሪዎቿ «ምላስሽ ከቁመትሽ ይረዝማል» የሚሏት ሱሀይራ በሐኪሟና በበርሜሉ መሃል ገብታ ቆመች።

«የእናቷ ነው» አለ አባቷ ዓደን ከበሩ ላይ፣ ቀስ ብሎ።

ማህደር ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወፎቹን ውሃ አትከልክሏቸው። በየቀኑ ቀይሩት ብቻ። የቆየው ውሃ ነው ቢንቢ የሚፈለፍለው።»

ሐኪሟ እንደወጣች ዓደን የበርሜሉን ጠርዝ ያዘ። «እኔ ልድፋው?»

«ተወው አባ። የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ጎንበስ ብላ ገፋችው። መጀመሪያ የእሷ ውሃ ወጣ፤ ከዚያ አረንጓዴው፤ መጨረሻ ላይ ከስር ጠቆር ያለው። እጇን ዘረጋችለት፤ በጣቶቿ መሃል አለፈ። የድሬ አሸዋ ጊዜ አልሰጣትም፣ ጠጣው። እጮቹ ብቻ እርጥቡ ላይ ተወራጩ።

ጀሪካኑ ውስጥ በቀረችው ውሃ በርሜሉን አጥባ ወደ ቦታው መለሰችው። ቧንቧውን ከፈተች፤ አየር ብቻ ተነፈሰ።

አንድ ቁራ ወርዶ ጠርዙ ላይ ቆመ። ውስጡን አየ፤ እሷን አየ።

«ውሃ ነገ ነው የሚመጣው» አለችው።

ቁራው አልሄደም። እዚያው እንደቆመ አንገቱን፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ጀርባው ጠመዘዘ።