ጭራዋ ይቅርብን

ባዳቾ እንደ ወትሮዋ ጎህ ሲቀድ ተነሣች። አመዱን ገልጣ ፍሙን ቀሰቀሰች፤ ጎዳሬ ጣደች። ከዚያ የቤቱን ግራ ጎን፣ የከብቱን ቦታ ጠረገች። ከብት ግን አልነበራትም። ባሏ ጦና «ለጊደራችን» ብሎ የተከለው ማሰሪያ ግንድ ብቻ ቆሟል። ገመዱም ተሰቅሏል።

ጦና ከመደቡ ላይ ይስላል። ጎዳሬውን ልጣ አበላችውና ወደ ሶዶ ወጣች።

ጦና ከነጋዴው ከአቶ አድነው ቆዳ መጋዘን ለሥራ የገባው በ1920 ዓ.ም.፣ በወላይታ አዲስ ዓመት፣ በግፋታ ማግስት ነበር። ጥሬ ቆዳ በጨው ያሻል፣ ይወጥራል፣ የደረቀውን ያራግፋል። ውሉ በሽማግሌ ፊት የተነገረ ነው፤ በየዓመቱ ልብስ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላ ደግሞ አንዲት የደረሰች ጊደር መሰናበቻ። በ1926 ግንቦት ደረቱ ተዘጋ፤ ደም ተፋ። ስድስት ዓመት ከስምንት ወር አገልግሎ በሕመም ወጣ። ባዳቾ ጊደሯን ካገኘች ከጎረቤት በምትታለብ ላም ልትለውጣት አስባለች። ወተት ደረቱን ያጠግግለታል ብላ ታምናለች።

አቶ አድነው መጋዘኑ በር ላይ በርጩማ አስወጥተው፣ ተቀምጠው ቆዳ ያስቆጥራሉ።

«ጌታዬ፣ የጦናን ጊደር ልወስድ መጣሁ።»

«የምን ጊደር? ሰባት ዓመት አልሞላም። ጥሎ ለሄደ ሰው መሰናበቻ የለም።»

«ጥሎ አልሄደም፤ ታመመ እንጂ። የታመመውም እዚሁ ነው።»

«ውል ውል ነው፣ አንቺ ሴትዮ።»

ባዳቾ ንቅንቅ አላለችም። «እንሰት በስንት ዓመቱ ይደርሳል?»

«እኔ ምኑን አውቄ! የእናንተ ምግብ።»

«በስድስት፣ በሰባት። ክፉ ቀን መጥቶ በአራት ዓመቱ ብንቆርጠው ቆጮው ያንሳል። ግን የለም አይባልም።»

ቆዳ የሚሸከመው ሶርሳ ሸክሙን እንደያዘ ቆመ። ሌሎቹም ቆሙ።

አቶ አድነው ሳቁ። «ታዲያ ጊደር እንደ ቆጮ ይቆነጠራል? የጎደለውን አራት ወር ከየት ቆርጬ ላስቀር? ከእግሯ?»

«ከሰባት ዓመት ላይ አራት ወር ጭራ ብታህል ነው። ጭራዋ ይቅርብን፤ የቀረውን ይስጡን።»

ሶርሳ ሳቁ አምልጦት ቆዳው ከትከሻው ወደቀ። «እውነቷን ነው ጌታዬ፣ ያለ ጭራም ትታለባለች!»

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። የአቶ አድነው ፊት ግን ደም መሰለ። በሠራተኞቻቸው ፊት ተስቆባቸው አያውቅም።

«እንግዲያው ባልሽ ይምጣና ጭራዋን ራሱ ይቀጥላት! አራቱን ወር ሠርቶ ይጨርስ፤ በግፋታ ጊደሯን ከነጭራዋ ይነዳል። አለዚያ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ!»

ቤት ስትደርስ የሆነውን ነገረችው። ጦና እየሳለ ሳቀ። የጭራዋን ነገር ደጋግሞ አስነገራት። ሲመሽ ግን «አራት ወር ምን አላት» አለ።

«አትሄድም።»

«ስድስት ዓመቴን ለእሱ ትቼ ልሙት?»

በማግስቱ እሷ ጎዳሬ ስትቆፍር እሱ በጓሮ በኩል ተደብቆ ወደ መጋዘኑ ሄደ።

ክረምት ገባ። የረጠበ ቆዳ ይከብዳል፤ መጋዘኑም ይሸታል። ሶርሳና ጓደኞቹ ከባድ ከባዱን ተደብቀው ያነሡለት ነበር። አቶ አድነው አዩና ከለከሉ፤ «የራሱን ጊደር ራሱ ሠርቶ ያግኛት» አሉ። ጦና ሁለት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን ሠራ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሶርሳ አዝሎ አመጣው። ከሦስት ቀን በኋላ ቀበሩት።

አቶ አድነው ለለቅሶው ሰው ላኩ። የተላከው ሶርሳ ነው፤ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ አንድ የደረቀ ቆዳ ዘረጋ።

«ማስተዛዘኛ ነው ብለዋል። ሰባቱ ዓመት ስላልሞላ ሌላ የለም፤ ይህም ቢሆን በችሮታቸው ነው አሉ።»

ባዳቾ ቆዳውን አየችው። የጊደር ቆዳ ነው። ጭራውም አልተቆረጠም።

ጠቅልላ መለሰችለት። «ስድስት ዓመት ከዐሥር ወር ከዐሥራ አንድ ቀን ሠርቷል በላቸው። ችሮታ አልለመነም።»

ግፋታ መጣና አለፈ። ባዳቾ ጠዋት ጠዋት አሁንም ግራውን ጎን ትጠርጋለች። ግንዱ አለ፤ ገመዱም አለ። ጊደሯ የለችም። ጦና የለም።