የሰው ሰጋቱራ

ጎባ ውስጥ እንጨት የሚሠራ ሰው በራሱ ሰጋቱራ አያዝም። ጎረቤት ባዶ ጆንያ አምጥቶ ካስቀመጠ፣ አናጺው ይሞላለታል፤ የሞላውም ለክረምት ምድጃ የሚጠበቅ አደራ ነው። ደግነት ይሉታል። እኔ ግን እስር ነው እላለሁ። መሥሪያዬን ከመኝታችን የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው፤ ጆንያዎቹ መስኮቱን ስለደፈኑት ብናኙ አስም ያለባትን ባለቤቴን ሌንሳን ያፍናታል።

«ወይ ጆንያው ይውጣ፣ ወይ እኔ ገሰራ እናቴ ጋ እሄዳለሁ» አለችኝ።

አብዛኛው ጆንያ የአሮጊቷ ጎረቤታችን የአዴ ሞሚና ስለሆነ አንዱን ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩ።

«ይረከቡኝ፤ ሌንሳን አፈናት።»

«ቤቴ ያፈሳል ልጄ፤ ሰጋቱራ ከራሰ አይነድም። ክረምት ሲገባ እወስዳለሁ ኢንሻአላህ።»

«እኔ አናጺ ነኝ እንጂ መጋዘን አልከፈትኩም።»

«አንተ ደግሞ ስትቆጣ ታምራለህ» ብለው ሳቁና ሌላ ባዶ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን የአሮጊት አደራ የመለሰ አናጺ በዚህ ሰፈር በር የሚያሠራው አያገኝም። ስመለስ ሌንሳ ሻንጣዋን ይዛ ደጃፍ ቆማለች። ሙሉውንም ባዶውንም ጆንያ አየች፤ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

እኔም ገብቼ የአዴ ሞሚናን ባዶ ጆንያ አፉን ከፈትኩና የወለሉን ሰጋቱራ ልሞላበት መጥረግ ጀመርኩ።