ፀሐይ ላይ የተሰጣ ገል

በዛብሽ እሳት ውስጥ ከከተተቻቸው ሰባት ማሰሮዎች አምስቱ ተሰንጥቀው ሲወጡ፣ ጥፋቱ የእሳቱም የእጇም እንዳልሆነ ወዲያው ገባት። ማሰሮዎቹ ገል አንሷቸዋል።

የሸክላ አፈር ብቻውን እሳት አይችልም። ያረጀ የሸክላ ስባሪ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ካልተቀላቀለበት ይፈነዳል። እናቷ ስታስተምራት፣ «አዲስ አፈር እሳት ሲያይ ይደነግጣል፤ እሳት ያየ ዘመድ አብሮት ይግባ» ትላት ነበር። ያንን እሳት ያየ ዘመድ እናቷም አያቷም የሚያመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የገል ጉብታ። ማን እንደከመረው የሚያውቅ የለም፤ ቢወስዱት ቢወስዱት ግን አያልቅም። በ1963 ዓ.ም. በጥቅምት ጉብታው ታጠረ።

ያጠሩት ከአዲስ አበባ የመጡ የጥንት ዕቃ ቆፋሪዎች ናቸው። አለቃቸው አቶ አካለ ወልድ ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ፣ ባለ መነጽር ጎልማሳ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን መመስከር ይገባል። ከማጠሩ በፊት ባለ ርስቱን ጠይቋል፣ የደብሩን አለቃ ጠይቋል፣ የአውራጃውን ገዥ ጠይቋል። ሸክላ ሠሪዎቹን ግን አልጠየቀም። ማንስ ጠይቋቸው ያውቅና! በበዛብሽ ጋን ያልጠመቀ፣ በበዛብሽ ማሰሮ ያልቀቀለ ቤት በቢቸና የለም። «ቡዳ ናት» ብሎ ልጁን ከዓይኗ የሚሸሽገውም ያው ጋኗን የገዛው ሰው ነው። ሥራዋ ጓዳ ይገባል፤ እሷ ከደጅ ትመለሳለች።

ማሰሮዎቹ በተሰነጠቁ ማግስት በዛብሽ ቅርጫቷን ይዛ በጠዋት ወደ ጉብታው ወጣች። ለመለመን ነበር እንጂ ለመስረቅ አልነበረም። ዘበኛው ዳምጤ ከሩቅ ሲያያት ፊቱን ወደ ግራሩ አዞረና ሦስት ጊዜ እንትፍ እንትፍ አለ። ዓይኗን ፈርቶ የራሱን ዓይን ስለጨፈነ፣ የአጥሩን በር ከፍታ ስትገባ አላየም። የሚጠብቀው እሱ፣ የማያየው እሱ!

ውስጥ ገብታ ያየችውን ማመን አቃታት። በሰሌን ላይ ገል ተሰጥቷል። ያውም የታጠበ ገል! ወፍራሙ ለብቻ፣ ስሱ ለብቻ፣ አፉ ለብቻ፣ ቂጡ ለብቻ ተለይቶ ፀሐይ ይሞቃል። በዛብሽ በዕድሜዋ ስለ ገል እንዲህ ሲጨነቅ ያየችው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ሊወቅጠው ያሰበ ሰው። በየገሉ ላይ በቀለም የተጻፈች ትንሽ ነገር አለች። ፊደል ስለማታውቅ፣ «ዳምጤ የቡዳ መድኃኒት አስጽፎበት ይሆናል» ብላ ለብቻዋ ሳቀች። «እንዲያው ቢያጥሩትም ለእኛ አስበውልን ኖሯል» አለችና ወፍራም ወፍራሙን መርጣ ቅርጫቷን ሞላች። ቆፋሪዎቹን እስከ ልጅ ልጃቸው መርቃ፣ በሩን መልሳ ዘግታ ሄደች።

በማግስቱ ዳምጤ ፖሊስ አስከትሎ መጣና ወደ ድንኳኑ ወሰዷት። አቶ አካለ ወልድ መዝገብ ይዞ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከቁጥር መቶ አሥራ ሁለት እስከ መቶ አምሳ አንድ ያለውን የት አደረስሽው?»

«ምኑን ጌታዬ?»

«ገሉን ነዋ!»

«ወቀጥሁት። ነፋሁት። ከአፈር ጋር አቦካሁት።»

አቶ አካለ ወልድ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«አላልሁም?» አለ ዳምጤ ከፖሊሱ ጀርባ ሆኖ። «ሰው የምትበላ ሴት ገል ይቀራታል?»

በዛብሽ እንዲህ ያለውን ነገር ሃምሳ ዓመት ዝም ብላ ሰምታለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዛሬ ግን የታጠበው ገል ደስታ ገና ከልቧ አልወጣም ነበርና ውርደቱ ከሌላው ቀን ይልቅ መረራት።

«ጌታዬ፣ አጥባችሁ፣ ለይታችሁ ፀሐይ ላይ ስታሰጡት ደግ ያሰባችሁልኝ መስሎኝ መርቄያችሁ ሄድሁ። ሌባ ከሆንሁ ምርቃቴን መልሱልኝ!»

ፖሊሱ ሳቁን ዋጠ። አቶ አካለ ወልድ ግን አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ ከተደረደረው አንድ ወፍራም ገል አንስቶ አሳያት።

«ይህ እኮ ተራ ገል አይደለም። ከሺህ ዓመት በላይ መሬት ውስጥ የኖረ ነው። ልስላሴውን ተመልከቺው! እንዲህ ያለ ሥራ የአገራችን አይደለም፤ ከባሕር ማዶ የመጡ የሠለጠኑ ሰዎች የሠሩት ነው። እንዲህ ብዬ ለአዲስ አበባ ጽፌያለሁ። አንቺ የወቀጥሽው ይህን ነው።»

በዛብሽ ገሉን ከእጁ ወሰደችው። ገለበጠችው፤ ጠርዙን በጥፍሯ ፋቀችው። ከዚያ ማንም ሳይይዛት ከድንኳኑ ድንጋይ ጋር ቀጭ አድርጋ ሰበረችው።

«ኧረ ያዛት!» ብሎ ጮኸ አቶ አካለ ወልድ።

«ይዩት» አለች፣ አዲሱን ስባሪ ወደ ዓይኑ አስጠግታ። «በጥቁሩ ውስጥ ቀይ ቀይ የሚለው ምንድን ነው?»

«ጠጠር ነው።»

«ጠጠር አይደለም፤ ገል ነው። የተወቀጠ ገል። ይህን የሠራችው ሴት እንደ እኔው የእናቷን ስባሪ ወቅጣ ነው የጨመረችበት። አፈሩም የዚሁ የታችኛው ወንዝ አፈር ነው፤ ስነካው አላጣውም።» ገሉን ገልብጣ ከውስጥ በኩል ያለችውን ጎድጓዳ አሳየችው፤ አውራ ጣቷንም ከተተችበት። ልክክ አለ። «የማሰሮውን አፍ ወደ ውጭ ስትመልስ እዚህ ላይ ይዛዋለች። እኔም የምይዘው እንዲሁ ነው። ይህች ሴት ባሕር ማዶን አታውቅም፣ ጌታዬ። ሞጣ ገበያ ግን ሳትሄድ አልቀረችም።»

አቶ አካለ ወልድ ማጉሊያ መስታወቱን አንስቶ ስባሪውን አየ። ሌላ ገል አንስቶ አየ። አሁንም ሌላ። በጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ አገላብጦ እስኪጨርስ ፖሊሱ መቆም ሰልችቶት ተቀመጠ። ሰውየው ለአለቆቹ የላከው ወረቀት ሊያሳፍረው እንደሆነ ከፊቱ ይነበብ ነበር። ቢሆንም እውነትን አይቶ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው አልነበረም፤ ለዚያ ዳምጤ አለ።

በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «ዳምጤ፣ ወንበር አምጣላቸው» አለ።

ዳምጤ ግራ ቀኙን አየ። ወንበር የሚመጣለት ትልቅ ሰው ማን እንደገባ ሲፈልግ ከበዛብሽ በቀር አጣ። እጁን እስከሚችለው ዘርግቶ ወንበሩን ከሩቅ ገፋላት።

«እትዬ በዛብሽ፣ ይቀመጡ» አለ አቶ አካለ ወልድ። «ሁሉን ስጠይቅ እርስዎን ሳልጠይቅ አጠርሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእንግዲህ ተመዝግቦ የማያስፈልገውን ገል መልሰን ጉድጓድ አንደፋውም፤ ለእናንተ ይሁን። ያልተቆፈረውን ግን አትንኩብኝ፤ ገና ብዙ የሚነግረን አለው።»

«አንነካም» አለች በዛብሽ። «ግን አንድ ነገር ይቀራል።»

«ምን?»

«የሠሪው ስም። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ይሉናል፤ ደኅናውን ለሰው ሰጥተን ስባሪው ለእኛ መቅረቱን ለምደነዋል። ስማችንን ግን ከባሕር ማዶ ለመጣ ሰው አልሰጥም። የቢቸና ሸክላ ሠሪዎች ሥራ ነው ብለው ይጻፉ። ዕቃው አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊትም ሞጣ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ የሚያውቀን ሁሉ በተሰበሰበበት ይነበብ።»

አቶ አካለ ወልድ መዝገቡን ገለጠና «ከባሕር ማዶ የመጣ» የሚለውን በቀይ እርሳስ ሰረዘው። «በላተኛው እኔ ሆንሁ፤ የገዛ ወረቀቴን መልሼ ልበላ ነው» አለ፣ አሁን ግን ፈገግ ብሎ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ የሞጣ ትምህርት ቤት አዳራሽ በሰው ተሞላ። ገዥው ካባቸውን ደርበው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ቀሳውስቱም ነጋዴዎቹም አሉ። በዛብሽ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ በሩ አጠገብ ቆማለች። አቶ አካለ ወልድ ዱላውን ከጉብታው ገል ተገጣጥሞ ወደ ቆመው የጥንት ማሰሮ ቀስሮ፣ «የቢቸና ሸክላ ሠሪዎች ሥራ። አያቶቻቸው ሠሩት፤ ልጆቻቸው ዛሬም ይሠሩታል» ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበ። ከዚያ አንድ በአንድ አንገቱ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ዓይኗን የሚሸሽ አልነበረም። በዛብሽ ኩራቱ ደረቷን ሞላው፤ ያቀረቀረ አንገቷን ቀና አደረገችና እነሱንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

ከጥንቱ ማሰሮ ጎን አንድ አዲስ ማሰሮ ተቀምጧል። አቶ አካለ ወልድ ወደሱ ዞረ።

«ከቁጥር መቶ አሥራ ሁለት እስከ መቶ አምሳ አንድ» ብሎ አነበበ። «በጥቅምት ወር ተወቅጠው በወይዘሮ በዛብሽ ማሰሮ ውስጥ ይገኛሉ። ማሰሮው እሳት ገብቶ አልተሰነጠቀም።»

ሳቁና እልልታው ተደባለቀ። ሰው ወደ ማሰሮዎቹ ሲጋፋ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል የተባሉት የቢቸና ባላባት ሚስት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሸክላዋን ከአጥር ውጭ ሲገዙ የኖሩት፣ አዲሱን ማሰሮ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን አዳመጡ። እንደ ደወል ጠራ። ወደ በዛብሽም ጠጋ አሉ፤ እንዲህ ተጠግተዋት አያውቁም።

«ይህንን ለእኔ አድርጊው፣ በዛብሽ። ስንት ትይኛለሽ?»

«አይሸጥም እሜቴ» አለች በዛብሽ። «ቁጥር አለው።»