እጅ የሚያረጋጋ ካሜራ

ሃፊዛ የገዛ ካሜራዋን ስታማ ሰነበተች። «አርጅቷል፣ ዓይኑ ፈዟል፣ እንደ ድሮው አይደለም» ትላለች፤ ለሰማት ሁሉ። ምራት እንኳ እንደዚያ አትታማም። ካሜራው ግን ምንም አላጠፋም ነበር።

ኮልፌ ውስጥ ሴቶች ለብቻቸው የሚሰበሰቡበት ሰርግ ካለ ሃፊዛ አትቀርም። ሙሽራዋ ሂጃቧን አውልቃ፣ ፀጉሯን ተሠርታ በምትቀመጥበት ክፍል ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም። የእንግዶቹም ስልክ በር ላይ በፌስታል ተሰብስቦ ይቆያል። በዚያ ቤት ያለው ካሜራ አንድ ነው፤ እሱም ሃፊዛ አንገት ላይ ነው። «ሃፊዛ ያነሳችው ከቤት አይወጣም» ይላሉ እናቶች። እንጀራዋም ክብሯም ይኸው ስም ነው።

ባለፈው ሰርግ ታዲያ ፎቶው ተበላሸ። ሙሽራዋ ጭጋግ ውስጥ የቆመች መስላ ወጣች። እናትየዋ ክፉ አልተናገረችም፤ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አቀረበችው፣ አራቀችው፣ መለሰችላት። ከስድብ የባሰው ይኼ ነው። ሃፊዛ «መብራቱ ነው» አለች። ቤቷ ገብታ ሻይ ስታማስል ስኳሩ ረከቦቱ ላይ ሲበተን ደግሞ «ማንኪያው ነው» አለች።

አሁን እሁድ የራህማ ልጅ ልትዳር ነው። ራህማ አብሮ አደጓ ናት። የእሷ ቤት ሰርግ ከተበላሸ ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሃፊዛን ማን ይጠራል? ስለዚህ የእህቷን ልጅ አልፊያን አስከትላ ካሜራ ልትመርጥ ወጣች። አልፊያ ሁለት የወለደች፣ በቲክቶክ የአባያ ቀሚስ የምትሸጥ ሴት ናት። ሰርግ ሲኖር ደግሞ የአክስቷን የካሜራ ፍላሽ መብራት ትይዛለች።

የባጫ ሱቅ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ጀርባ ነው። ያገለገለ ካሜራ ይሸጣል።

«እትዬ ሃፊዛ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«ፀሐይዋን ተዋትና ካሜራ አሳየኝ። እጅ የሚያረጋጋ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ሞልቷል። ለማን ነው?»

ሃፊዛ በአገጯ ወደ አልፊያ ጠቆመች። «ለእሷ። እጇ አይረጋም።»



«በዚህ ዕድሜሽ?» አለ ባጫ እየሳቀ። «ጫት ነው ወይስ ፍቅር?»

«የዘር ነው» አለችው አልፊያ፣ አክስቷን እያየች።

ባጫ ሁለት ካሜራ የባንኮኒው መስታወት ላይ አስቀመጠ። «ይኸውላችሁ፤ የዚህኛው ማረጋጊያ ሌንሱ ውስጥ ነው። የዚያኛው ግን ካሜራው ሆድ ውስጥ ነው። ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ ራሱ፣ እጅ ሲወዛወዝ አብሮ እየተወዛወዘ ያካክሰዋል።»

ሃፊዛ ለአልፊያ ነው ማለቷን ረስታ የመጀመሪያውን አነሳችና ዓይኗን ሰካች። ከባጫ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ወዲያ ወዲህ አለ። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ስትጫነው ሰው የያዘው ይመስል ቀጥ አለ። ደረቷ ውስጥ የከረመ ነገር ለቀቅ አለላት።

«ሱብሃነላህ! በቃ፣ ይኼን ጠቅልልኝ።»

«ቆይ እንጂ፣ እትዬ። ይኼ የሚያረጋው አሁን ያለበትን የራሱን ሌንስ ሲያደርጉ ብቻ ነው። የራስዎ ሌንሶችስ?»

ሌንሶቿን በሻሽ ጠቅልላ ይዛ ነበር። አጭሯ በተለይ፣ መጋረጃ በወረደበት ክፍል የሙሽራ ፊት የምታበራ ናት፤ ሃፊዛ ከእሷ ሌላ አታምንም። ባጫ አገላብጦ አያት።

«ይቺ ከዚህኛው ጋር አትገጥምም። ከሁለተኛው ጋር ግን ልክ ናት። እዚያ ማረጋጊያው ከሆዱ ስለሆነ የቱም ሌንስ ይሁን ይሠራል።»

ገጠመላት። ሃፊዛ አየችበት። መደርደሪያው ይጨፍራል። ግማሽ ድረስ ተጫነች። አሁንም ይጨፍራል።

«ይኼማ የተበላሸ ነው! ይንቀጠቀጣል። ብልሽት ልትሸጥልኝ ነው?»

አልፊያ ካሜራውን ተቀበለቻትና አየችበት። «አይንቀጠቀጥም፣ አክስቴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እኔ ዕውር ነኝ እንዴ?»

ባጫ አሁን አይስቅም። «በዚህኛው ዓይንዎ የሚያየው አይረጋም፤ የሚረጋው ፎቶው ነው። እስቲ አንዴ ያንሱ።»

አነሳች። ከካሜራው ኋላ ባለው ስክሪን ላይ፣ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት የባትሪ ካርቶኖች ጽሑፍ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ ሊላት በተገባ። ግን ካሜራው ደህና ከሆነ፣ መደርደሪያውም ግድግዳ ላይ የተመታ ከሆነ፣ ሲጨፍር የነበረው ምንድን ነው? ቀኝ እጇን ሻሿ ስር ከተተችው።

እልኸኛ ናትና እዚያ አልቆመችም። «አልፊያ፣ መደርደሪያው ጋ ቁሚልኝ።»

አነሳቻት። ካርቶኖቹ ጥርት አሉ፤ የአልፊያ ፊት እንፋሎት መሰለ።

«ምነው?»

«የሌንሷ ፎከስ፣ ምስል የሚያጠራው፣ ከፊቷ ላይ ሸሸ» አለ ባጫ። «እጅዎ ሲንሸራተት ሌንሷ ኋላ ያለውን ያዘች። ካሜራው መንቀጥቀጡን ይሸፍንልዎታል እንጂ ማንን ሊያነሱ እንዳሰቡ በምን ያውቃል? ደጋግመው ሲያነሱ አንዷ ትገኛለች።»

ደገመች፤ አገኘቻት። እንደገና ስታነሳ ካርቶን።

«ሙሽራ እኮ ደጋግማ አትዳርም» አለች ሃፊዛ፣ ለራሷ ይሁን ለእነሱ ሳይለይ።

«ቤቴል ያለው ክሊኒክ እንሂድ ስልሽ ከረምኩ» አለች አልፊያ።

«ካሜራ ልገዛ ነው የመጣሁት።»

«እሺ ግዢ። እሁድ እኔ ላንሳ።»

«ለራህማ ምን ልበላት?»

«እውነቱን ነዋ!»

ባጫ ታክሲ የሚያይ መስሎ በሩ ላይ ሄዶ ቆመ። ሃፊዛ ስልኳን አውጥታ ደወለች። የራህማ ድምፅ ያለ ስፒከርም ቤቱን ይሞላል።

«ራህሚዬ፣ እሁድ አልፊያ ናት የምታነሳው። እኔም አጠገቧ ነኝ።»

«አልፊያ? ያቺ የቲክቶኳ? ኧረ ሃፊዛ! የልጄን ፀጉር የአማቾቿ ወንድ ሁሉ ስልኩ ላይ ሊያየው ነው?»

አልፊያ ሰማች። አቀርቅራ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍት ትዘጋ ጀመር።

«ከወጣ እኔን ጠይቂኝ» አለች ሃፊዛ።

«አንቺ ራስሽ ምን ሆነሽ ነው የማታነሺው? ያለፈው ሰርግ ላይ መብራቱ ነው አላልሽም?»

ሃፊዛ መስታወቱን ተደገፈች። «መብራቱ አይደለም። እጄ ነው። ይንቀጠቀጣል።»

በዚያ በኩል የድስት ክዳን ድምፅ ተሰማ።

«ከመቼ ወዲህ?»

«እንጃ። ማንኪያውን ስሰድብ ነው የከረምኩት።»

ራህማ አልሳቀችም። «እሺ፣ ታንሳ» አለች። «ፎቶው ያለበትን የካሜራውን ካርድ ግን እኔ ፊት አንቺ ታወጪዋለሽ፣ አንቺው ትይዢዋለሽ። የሌላ እጅ እንዳይነካው። እኔ የማምነው አንቺን ነው።» ዘጋችው።

ሃፊዛ ሁለተኛውን ካሜራ ወደ ራሷ ሳበች። «ይኼን ነው የምወስደው። ባጫ፣ ካርዱ በየት ነው የሚወጣው?»

ባጫ ተመልሶ የጎኑን ትንሽ በር ከፈተላት። «በጥፍርዎ ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጉት ራሱ ብቅ ይላል።»

ጥፍሯ ሳተው። ክርኗን መስታወቱ ላይ ተክላ ደገመች፤ ገባ ብሎ ተመልሶ ተቆለፈ። አልፊያ እጇን ሰደደች።

«ተይ! የሌላ እጅ አይነካውም ተብሏል።»

የቀኝ አንጓዋን በግራዋ ጨብጣ ገፋችው። ካርዱ ብቅ አለ። ልትይዘው ስትል ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሃፊዛ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች፣ ከሲሚንቶው ላይ ለማንሳት ብዙ ታገለች፣ አነሳችው። ቀና ብላ መልሳ ቀዳዳው ውስጥ ከተተችው።

«እንደገና» አለች።