ደጋግመው የደወሉት

"ሸሚዝህን ተኩሼልሃለሁ፤ ተነስ እንጂ" አለች ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ። "ዛሬ የሚጣ ቀን ነው።"

መምህሩ ዓይኑን ከላፕቶፑ አልነቀለም። የሚጣ ቀን! ሳምንቱ ሙሉ የሚጣ አልነበረም እንዴ?

ሚጣ የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። ተማሪ ሳለች እነሱ ቤት ነበር የምትኖረው፤ አማካይ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያታልል እዚያው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ያስረዳት እሱ ነው። አሁን የከተማው አምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ውስጥ ትሠራለች። አምቡላንሶቹ አንድ ግቢ ውስጥ ከሚኮለኮሉ የት የት ቆመው ቢጠብቁ በሽተኛው ጋ ቶሎ እንደሚደርሱ አሰላች፣ በሥራም ላይ ዋለ፣ የዓመቱን የተግባራዊ ስታቲስቲክስ ምርምር ሽልማት ላፍ አደረገችው። ለዚያው ሽልማት እሱም ተወዳድሮ ነበር፤ ያውም ለሦስተኛ ጊዜ። ቤት ውስጥ ይህን ነገር የሚያነሳ ሰው አልተገኘም። አዝነውለት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አይወጣለትም። ሚስቱ ስልክ ላይ "እህቴ እኮ" ባለች ቁጥር የጎረሰው ያንቀዋል። ሚጣ የሠራችበትን መረጃ ማንም ያየው ዘንድ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጣዋለች፤ የዋህ ናት። እሱም አውርዶ ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ስህተት ሲፈልግ ከረመ። ዛሬ ማለዳ አገኛት።

አምቡላንስ የዘገየበት ሰው መልሶ ይደውላል። ማዕከሉ ሁለተኛውን ደወል እንደ አዲስ ጥሪ ይይዘዋል። ሃያ ደቂቃ የጠበቀው ሰው መልሶ በደወለ በአምስት ደቂቃው አምቡላንስ ከደረሰለት፣ ኮምፒውተሩ አምስት ደቂቃ ብቻ የጠበቀ ሌላ ሰው ያለ ይመስለዋል። ሚጣ እነዚህን አልለየቻቸውም።

"ያዝኩሽ" አለ ለራሱ።

"ማንን ነው የያዝከው?" ሚስቱ ሸሚዙን ይዛ ተመልሳለች።

"ምንም፤ ሥራ ነው።"

"ፊትህ ሲፈታ ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ዛሬ እንዲሁ ሁንልኝ። ሚጣ ከሰው ሁሉ ያንተን ቃል ነው የምትጠብቀው።"

"እኔ ምን ቃል አለኝ" አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ድግግሞሾቹን አውጥቶ እንደገና አሰላ። ሚጣ የመጠበቂያው ጊዜ በስድስት ደቂቃ ቀንሷል ብላለች። ሁለት ቢሆን ደስ ይለዋል፤ አንድ ቢሆንማ ጮቤ ይረግጣል። ውጤቱ መጣ፤ ዘጠኝ።

ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ ደገመው። አሁንም ዘጠኝ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባው። ዱሮ አምቡላንስ ይዘገይ ስለነበር መልሶ የሚደውለው ሰው የትየለሌ ነበር፤ እነዚያ የውሸት አጫጭር ደቂቃዎች ያለፈውን ጊዜ ደህና አስመስለውታል። አሁን ግን ቶሎ ስለሚደርስ መልሶ የሚደውል የለም ማለት ይቻላል። ስህተቷ የጎዳው ራሷን ነው። ሳምንት ሙሉ ሲማስን የከረመው ለካ ለእሷ ነው!

ሸሚዙን እየቆለፈ ወሰነ። ጥያቄውን ይጠይቃል፤ መልሱን አይናገርም። መልሱን ማን ጠየቀው?

አዳራሹ ግጥም ብሏል። ሚጣ ሥራዋን አስረድታ ስትጨርስ ሰው አጨበጨበ፤ ሽልማቱ መድረኩ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ይጠብቃታል። የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ እጁን አወጣ። ስታየው ፊቷ በራ።

"ጋሼ..." ብላ ጀመረችና አረመችው። "ዶክተር፣ ይጠይቁ።"

ማይክሮፎኑ መጣለት። "ደጋግመው የደወሉትን ሰዎች ለይተሻቸዋል?"

ደብተሯን ገለጠች። "አልለየኋቸውም።"

"ሃያ ደቂቃ ጠብቆ መልሶ የደወለውን፣ አምስት ደቂቃ የጠበቀ አድርገሽ ቆጥረሽዋል ማለት ነው።"

ሹክሹክታ ተነሳ። ፊት ለፊት ከተቀመጡት ዳኞች አንዱ መነጽሩን አውልቆ ወደ ጓደኛው ዘንበል አለ።

"ልክ ነዎት" አለች ሚጣ። "ውጤቴ ወዴት እንደሚሄድ አሁን አላውቅም። ይህን ሳላጣራ ሽልማቱን ባልቀበል ይሻላል።" ወደ ታዳሚው ዞረች። "ስታቲስቲክስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ስህተት አለ ካሉ አለ።"

የፈለገው ይህንን ነበር፤ ይኸው ሆነለት። ቁጭ ቢል አለቀ፤ ዘጠኝን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ እጅጌውን ያዝ አደረገችው።

"ጠዋት 'ያዝኩሽ' ያልካት እሷን ነው?" አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ወደ መድረኩ አየ። ልጅቷ ደብተሯን እየሰበሰበች ነው፤ እነሱ ቤት ፈተና የወደቀች ቀን እንዳደረገችው፣ ሳታለቅስ፣ ቶሎ ቶሎ። ቅናቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ እዚያው ደረቱ ላይ ተቀምጧል። አስተናጋጇ ማይክሮፎኑን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች።

አልሰጣትም።

"ጥያቄዬን አልጨረስኩም" አለ። "እኔ ለይቼ አስልቼዋለሁ። በስድስት ደቂቃ አይደለም የቀነሰው፣ ሚጣ። በዘጠኝ ነው።"