አርባ ሦስት ትንፋሽ

«ወንዙ… ከተራ… ከተራራው… ሥር…»

ቆመች። አየር ሳበች። አፍንጫዋንና አፏን የሸፈነው ጭንብል ውስጡ በላብ ረጥቧል፤ ከጭንብሉ የወጣው ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒውተር ጋር ተያይዟል። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ችግሩ ተሰብስበው ሲመጡባት ነው።

«አይዞዎት እናት፣ ይቀጥሉ» አለቻት ወጣቷ ሐኪም።

«…ሥር… ተነ… ተነሥቶ…»

አንዲት አጭር አንቀጽ ነበረች። ስትጨርሳት ግን አቀበት የወጣች ያህል ደክሟት ነበር።

ሐኪሟ ጭንብሉን ካወለቀችላት በኋላ ኮምፒውተሩን ትኩር ብላ አየችው። ፊቷ ተለወጠ። «ባለፈው ይህን ያህል ጽሑፍ ሲያነቡ አሥራ አራት ጊዜ ነበር አየር የሳቡት። ዛሬ አርባ ሦስት ጊዜ።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

«የአየር ቧንቧዎ እንደገና እየጠበበ ነው ማለት ነዋ። በካሜራ ሳየው ጠባሳው ያን ያህል አይደለም፤ በመለኪያው የነፉት ንፊያም መካከለኛ ነው። በጥናቱ ደንብ ግን ንባቡ እንዲህ ካሽቆለቆለ አንጠብቅም። ከነገ ወዲያ ቀዶ ጥገና ይገባሉ።»

«ድምፄስ?»

«ሁለተኛ ጊዜ ሲነካ ድምፅ ሊጎዳ ይችላል። አልዋሽዎትም።»

ሴትየዋ ጉሮሮዋን በመዳፏ ያዘች። ባለፈው ዓመት ታማ ራሷን ስታ በተኛችበት ጊዜ ለሳምንታት ጉሮሮዋ ውስጥ የቆየው ቱቦ ጠባሳ ትቶ የአየር ቧንቧዋን አጥብቦት ነበር። ከስድስት ወር በፊት በቀዶ ጥገና ሰፋላት፤ የሰፋው እንደሰፋ ይቆይ እንደሆነ የሚከታተለው ጥናት ውስጥም ያኔ ነው የገባችው። እንዴት እንደምትሰቃይ ያየችው ልጇ ዛሬም ሌሊት እየተነሣች ትንፋሿን ታዳምጣለች። አሁን ምን ብላ ትንገራት?

«ውጭ ወጥቼ ለልጄ ልደውል» ብላ ተነሣች።

አልደወለችም። ኮሪደሩ ላይ እንደ እሷው በጥናቱ ያሉ አንድ አዛውንት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ምን አሉሽ ልጄ?»

«ከነገ ወዲያ ቀዶ ጥገና።»

«እኔማ ለዚያው ነገ ጠዋት በባዶ ሆድህ ና ተብያለሁ። ትንፋሽ አጥሮሃል አሉኝ።» ሳቅ አሉ። «ዛሬ እንኳ አውቶቡስ አምልጦን በእግራችን ነው የመጣነው። ያውም እስከ ሆስፒታሉ በር ከባለቤቴ ጋር እየተጨቃጨቅሁ!»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ማሽኑ እኮ ነው የተናገረው። ከማሽን ጋር ልሟገት?» እጃቸው ላይ ያለውን ወረቀት ዘረጉላት። «እስቲ እያት፤ በስንት ሰዓት ነው የምትለው? መነጽሬን እቤት ረስቼ ነው።»

መነጽር! ሴትየዋ ክው አለች። እሷም በልጇ ትምህርት ቤት፣ ፈርሚ በተባለች ቁጥር፣ ኖሯት የማያውቅ መነጽር ለሰባት ዓመት ስትረሳ ኖራለች።

ቁጥር ታውቃለች። «ሁለት ሰዓት ይላል፣ አባባ» አለችና ተነሥታ ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

«ዶክተር፣ ያጠረኝ ትንፋሽ አይደለም። ንባብ ነው።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «አልገባኝም።»

«ማንበብ አልችልም። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። ፊደሉን እየፈለግሁ በቆምኩ ቁጥር አየር እስባለሁ።»

«መዝገብዎ ላይ ስምንተኛ ክፍል ይላል እኮ!»

«ስመዘገብ ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ አሥረኛ ስትል ሰማኋት። እኔም በጣም እንዳላበዛው ሁለት ቀነስኩ።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ያለፈውስ ውጤት?»

«ወረቀቱን እቤት ይለማመዱበት ብላችሁ ሰጣችሁኝ። ልጄ እያነበበችልኝ እንደ ውኃ ጠጣሁት።»

«እኛ ደግሞ ጽሑፉን የቀየርነው ሰው በቃሉ እንዳይዘው ብለን ነው» አለች ሐኪሟ፣ ግንባሯን ይዛ።

«እንደገና ይለኩኝ። ግን ላውራ።»

ጭንብሉ ተመልሶ ታሰረላት። ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት፤ ስለ አንሶላ አወራች። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ እንዴት እንደሚያራግፈው፣ የሥራ ባልደረባዋ አንሶላ እያጠፈች ቆማ እንደምታንቀላፋ፣ እርጥቡን ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት ወገብ እንጂ ትንፋሽ እንደማይነካ። ባለፈው ንባቡ የፈጀውን ያህል ደቂቃ ሲሞላ ሐኪሟ እጇን አነሣች።

«አሥራ ስድስት» አለች ቀስ ብላ። «ከነገ ወዲያ አይገቡም። ንፊያውን ግን በሳምንቱ እንደግመዋለን።» ከዚያ የስም ዝርዝሯን ሳበች። «ሠላሳ ሰው አለኝ። ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹ ናቸው…? ብጠይቃቸው ይነግሩኛል?»

«እኔስ ስመዘገብ ስጠየቅ ነገርኩዎት?»

የነገው ቀዶ ጥገና የማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የመነጽሩን ነገር የምታውቀው ግን አንዷ ብቻ ናት። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እውነት ነው። ግን የሽማግሌ ገበና እሷ ከፍታ የምታሳየው የራሷ ሣጥን አይደለም።

«በሩን ክፍት ይተዉልኝ» ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ሞልቷል። ሁለት ሴቶች ከአዛውንቱ ጎን ተቀምጠዋል፤ አንድ ጎረምሳ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ሰው እስኪቀንስ ብትጠብቅስ? አዛውንቱ ግን ወረቀታቸውን አጣጥፈው ሊነሡ ነው።

«አባባ፣ እኔ ማንበብ አልችልም።»

ሴቶቹ ዞሩ። ፊቷ እሳት ሆነ፤ ቢሆንም ድምፅዋን አልቀነሰችም። «ስምንተኛ ክፍል ነኝ ብዬ አስጽፌ ነበር። ፊደል ስፈልግ የቆምኩትን ሁሉ ማሽኑ ትንፋሽ አጥሯት ነው ብሎ ቆጠረብኝ። አሁን ገብቼ ተናገርኩ። እያወራሁ ለኩኝ፤ ቀዶ ጥገናው ቀረልኝ።»

የአዛውንቱ እጅ ወደ ኮታቸው የደረት ኪስ ሄዶ ባዶውን ዳበሰ። ሲቆይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«እኔ እኮ አሥራ ሁለተኛ ነው ያልኩት።»

«አበዙት፣ አባባ» አለችና ክንዳቸውን ይዛ ወደ ክፍቱ በር አብራቸው ሄደች።