ቀለሙ የታደሰ ባላርድ

ሌኦና ሽቴንግል መሰብሰብ ከጀመረች በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ቀለሙ የታደሰ ጠመንጃ ገዝታ አታውቅም። ይህን ደግሞ እሷና ባሏ ብቻ ሳይሆኑ በዊስኮንሲን አሮጌ ጠመንጃ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ያውቃል። የምትሰበስበው አንድ ጎራሽ ነው፤ አንድ ጥይት ጎርሶ፣ አንዷን ተኩሶ፣ እንደገና እስኪያጎርሱት ዝም የሚለውን የአያቶች ዘመን የዒላማ ጠመንጃ። አሮጌ ብረት ወልውለው አዲስ ቀለም የሚያስይዙትን በሰብሳቢዎች ማኅበር ጋዜጣ ላይ «የመቶ ዓመት ፊት ልጠው የሚኳሉ» ብላ የጻፈች ጊዜ ግማሹ አባል አኩርፏት ነበር። እሷ እቴ፣ ደስ አላት እንጂ አልከፋትም።

ዕውቀቱ የእሷ ነው። የትኛው ቁጥር በየትኛው ዓመት እንደወጣ፣ የትኛው ሰደፍ ለየትኛው አፈሙዝ እንደተሠራ በቃሏ ትወጣዋለች። ዓይኑ ግን የባሏ የኦርቪል ነው። ኦርቪል ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ሲቀላቅል የኖረ ሰው ነው። የተጋጨ በር ያመጡለትና ከጤነኛው በር የማይለይ አድርጎ ይመልሰዋል። ለጠመንጃ ያን ያህል ግድ የለውም። በየገበያው ሳጥኗን ተሸክሞ ይከተላታል፣ ቋሊማውን ይበላል፣ እሷ «እስቲ እየው» ስትለው ብቻ ጠመንጃውን ወደ መስኮት አዙሮ ያጋድለዋል። የድሮ ሠሪዎች የማጉረሻውን ብረት በአጥንት ከሰል ውስጥ አግለው ሲያጠነክሩት ዝንጉርጉር ቀለም ይይዛል። ያ ቀለም እጅ የነካው ቦታ ላይ ይደበዝዛል፣ ጥጋጥጉ ላይ ይቀራል። ኦርቪል በአንድ እይታ ይለየዋል። «ተነክቷል» ካለ ሌኦና ትታው ትሄዳለች፤ «አልተነካም» ካለ ትገዛለች።

በሚያዝያ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በአውራጃው የባዛር አዳራሽ፣ ዴል ፍሪትሽ የሚባለው ነጋዴ ጠረጴዛ ላይ ባላርድ የሚባለው አንድ ጎራሽ ተጋድሞ አገኙ። ሌኦና መነጽሯን ከቦርሳዋ ስትፈልግ ኦርቪል ሳይጠየቅ አነሳው። አዞረው፣ አጋደለው፣ ዓይኑን ጠበብ አደረገ።

«አልተነካም» አለ። «እናቱ እንደወለደችው ነው። ግዢው።»

ሌኦና መነጽሯን አደረገች። መጀመሪያ ያየችው ኦርቪል ለመስኮቱ ጀርባውን መስጠቱን ነው። ቀጥላ ብረቱን አየች። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ትናንት የተቀባ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ከዚያ ከምላጩ ሥር የተንጠለጠለችውን ካርቶን አየች። ዴል ጨዋ ሰው ነው፤ በትልልቁ «ቀለሙ የታደሰ» ብሎ ጽፎባታል። ካርቶኗ ኦርቪል አፍንጫ ሥር ትወዛወዛለች።

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባት። ከመከር ጀምሮ «ፊደሉን አሳንሰውታል» ብሎ ጋዜጣ መተዉ። «ጉልበቴን አሞኛል፣ አንቺ ንጂ» እያለ የመኪናውን ቁልፍ ማቀበሉ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታቸው እጁን ሲያውለበልብለት ዝም ብሎ ማለፉ፤ እሷም «ሥርዓት አጣህ» ብላ መቆጣቷ።

ዴል አፉን ከፈተ። «ጋሽ ኦርቪል፣ ይሄኛውማ...»

«ዴል!» አለች ሌኦና፤ ካርቶኗን በጭብጧ ውስጥ አስገባቻት። «ዋጋህን ንገረኝ።»

«እትዬ ሌኦና፣ እርስዎ? ይሄን?»

«ጆሮህ አይሰማም እንዴ?»

«ይሰማል፣ ግን እኮ...»

«ከሰማህ ጠቅልልልኝ።»

ዴል አንዴ እሷን፣ አንዴ ኦርቪልን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጠቀለለ። በጎን ያለው ነጋዴ ግን አፉን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ «ሌኦና ሽቴንግል የተኳለች ገዛች» የሚለው ወሬ አዳራሹን አዳረሰው። ቋሊማ ለመግዛት ተሰልፈው ሳለ ከኋላቸው ሳቅ ሰማች። ጆሮዋ ጋለ፤ ዞራ ግን አላየችም።

«ምን ያስቃቸዋል?» አላት ኦርቪል።

«ቢራ ነዋ!»

ወደ ቤት ሲመለሱ ደስ ብሎት ነበር። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ሲያፏጭ ቆይቶ፣ «አየሽ፣ ዓይኔ አሁንም አለ» አላት። «አለ እንጂ» አለችው። መንገዱ በእንባ ስለደበዘዘባት መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀስ ብላ ነዳች። ልትነግረው ፈለገች፤ አልቻለችም። ይህ ሰው በዓይኑ የሚኮራ ሰው ነው። ሌላ ኩራት አልነበረውም፤ ፈልጎም አያውቅ።

በማግስቱ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሌኦና ድንች ስትልጥ ኦርቪል ጠመንጃዎቹ ካሉበት ክፍል ጠራት። አዲሱን ባላርድ ዘይት በነካ ጨርቅ ሲያብሰው ቆይቷል።

«ጣትሽን ስጪኝ» አላት። ጣቷን ይዞ ብረቱ ላይ አሳረፈው። «ምን ይሰማሻል?»

«ብሎን።»

«የብሎኑ ቀዳዳ ዳሩ ተበልቷል። ማዕዘኑም ዱልዱም ነው። እኔ ስወለውል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተወለወለ ነገር እጄ አይስተውም። ይሄ ተልጦ የተቀባ ነው።»

ሌኦና ጣቷን ከብረቱ አነሳች።

«ታዲያ አንቺ ይሄን ሳታዪ ገዛሽ? አንቺ? አውቀሽ ነው።»

«አዎ።»

«አዘንሽልኝ።»

«አዎ፣ አዘንኩልህ! ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ ፊት ላዋርድህ?»

«እና ራስሽን አዋረድሽ! እነዚያ ቋሊማው ጋ የሚገለፍጡት በአንቺ ነበር፣ አይደል? ቢራ ነው ትለኛለች ደሞ!» ጨርቁን ወረወረው። ወዴት እንደወደቀ ግን አላየም። እጁ ጠረጴዛው ላይ ሲዳብስ ሌኦና አንስታ ሰጠችው።

«መሃሉ ጠፍቷል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዳር ዳሩን አያለሁ። አንቺን ሳይሽ ፀጉርሽ ይታየኛል፣ ፊትሽ ግን ጭጋግ ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል።»

«መቼ?»

«በመከር። ዓሣ ላጠምድ ሄድኩ ያልኩሽ ቀን።»

«በምን ሄድክ?»

«በአውቶቡስ።»

ከሁሉ ይልቅ አንጀቷን የበላት ይሄ ነው። ያን ቀን ማታ ባዶ እጁን ስለመጣ ስቃበት ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን ሄዶ፣ ያን ወሬ ብቻውን ሰምቶ፣ ማጥመጃውን እንደያዘ ብቻውን በአውቶቡስ ተመልሷል።

«ለምን አልነገርከኝም፣ ኦርቪል?»

«ይዘሽኝ የምትዞሪው ለዓይኔ ነዋ። ዓይን ከሌለኝ ምን ልትሠሪብኝ ነው?»

«አንተ ጅል!» አለችው፤ እንባዋ መጣ። «ሳጥኑን ማን ሊሸከምልኝ ነው? ደግሞስ አንተ ‹አልተነካም› ስትል ፊትህ ላይ የሚመጣውን ደስታ ለማየት እኮ ነው ግማሹን የገዛሁት። አጠገቤ ሰው እፈልጋለሁ። ሰውየው ደግሞ አንተ ነህ፤ ከነጭጋግህ።»

ኦርቪል አፍንጫውን በዘይታሙ ጨርቅ ጠረገና እስከ አገጩ ዘይት ተለቀለቀ። እሷም አገጩን በሽርጧ ጠረገችለት።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ዳግመኛ ግን አትዋሺኝ። ያለኝ ጭጋግ ይበቃኛል፤ አንቺ ሌላ አትጨምሪብኝ። አሁን የመጀመሪያዋን አውርጂና መስኮቱ ጋ ያዣት።»

የመጀመሪያዋ ጠመንጃቸው በተጋቡበት ዓመት የገዟት ናት። ሌኦና እስከዛሬ የምትተኩሰው በእሷ ነው። ከግድግዳው አውርዳ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና ወደ ብርሃኑ አጋደለቻት።

«ምን ታያለሽ?»

«ሰማያዊ።»

«ምን ዓይነት ሰማያዊ?»

«ኧረ ሰማያዊ ሰማያዊ ነው!»

«እንዲህ ብለሽ ጋራዥ ብትመጪ አባርርሽ ነበር። ደህና አድርገሽ እዪ።»

አየች። የዚችን ጠመንጃ ቁጥር ከልደቷ ቀን አብልጣ ታውቀዋለች፤ ቀለሟን ግን ለኦርቪል ትታለት ኖራለች። «ዝናብ ሊመጣ ሲል እንዳለው ሰማይ ነው» አለች እየተጠራጠረች። «ዳር ዳሩ የገለባ ቀለም አለው። ወደ ታች... ቡናማ ነው፣ ግን እንደ ጉበት።»

«ጉበት!» ብሎ ሳቀ። «ይሁን፣ ጉበት ጥሩ ነው። አሁን በስተግራ እዪ፤ አውራ ጣት የምታህል ሐምራዊ ነጥብ ነበረች። ከሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷን ነው። አለች?»

ሌኦና ጠጋ ብላ አየች። ሐምራዊ የሚባል ነገር የለም። ልሙጥ ግራጫ ብረት ነው፤ ስትተኩስ የራሷ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ። ቀና ስትል ኦርቪል ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዙሮ እየጠበቀ ነው። «አለች» ማለት ምንም አይከብድም ነበር። ፊቱ ሲፈካ ታየዋለች፤ ያንን ፊት ደግሞ ትወደዋለች።

«የለችም» አለችው። «ግራጫ ሆኗል። እኔው በአውራ ጣቴ ጨረስኳት።»

ኦርቪል ጨርቁን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለ። «ካለቀች ዐሥር ዓመት አልፏታል። ዓይኔ እያየ ነው ያለቀችው።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ኦርቪል ወንበሩን ጎትቶ ጉልበቱ ጉልበቷን እስኪነካ ድረስ ተጠጋት።

«ቀጥዪ» አላት። «በስተቀኝ ያለውን ንገሪኝ።»